ኩላብ ላይ ያደረ ደም

ወረቀት አውቃለሁ እል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወረታ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ካርቦን የሚቀበለውንና የማይቀበለውን፣ ቴምብር ሲለጠፍበት የሚሸበሸበውን፣ ክረምት ሲገባ ቀለም የሚተፋውን በጣቴ ዳብሼ እለያለሁ። በሁለት ሺህ ሁለት ነሐሴ ላይ ግን ከቁጥር በቀር ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት አየሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ወረቀት አፌን ሞልቼ አልናገርም።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰው መጥፋት ነው። መሪጌታ ገብረ ኪዳን ቢሻው የቁሐር ሚካኤል የድጓ መምህርና ቁም ጸሐፊ ነበሩ። በሰማንያ አራት፣ በሐምሌ ሥላሴ ማግስት፣ «ጣራ ገዳም የምገለብጠው መጽሐፍ አለ» ብለው የቀለም ቀንዳቸውን በትከሻቸው አንግተው ወጡ። ጣራ ገዳም ሰንብተው መነሳታቸውን መነኮሳቱ መስክረዋል። ቁሐር መድረሳቸውን የሚመሰክር ግን አልተገኘም። መሃል ላይ የርብ ወንዝ አለ፤ ርብ ደግሞ በሐምሌ ምስክርነት አይሰጥም።

አንዳንዱ ወንዝ ወሰዳቸው አለ። አንዳንዱ ሁመራ ሌላ ሴት አግብተው ታይተዋል አለ። ያየ ሰው አለ የሚል ሰው ብዙ አግኝቻለሁ፤ ያየውን ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ሚስታቸው ወይዘሮ አማከለች በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት ሴት ልጅ ወለዱ። ማርያማዊት ተባለች። ሰፈሩ በጣቱ ቆጠረ። ከሐምሌ እስከ መጋቢት ለቆጠረ ሰው ዘጠኝ ወር ነው። የመሪጌታው ታናሽ ወንድም ደሳለው ግን ጳጉሜን እንደ ሙሉ ወር ቆጠራት። ከግራ እጁ አንዱን ጣት ማጭድ የወሰደበት ሰው ነው፤ በዘጠኝ ጣት አሥር ላይ ደረሰ። አሥር ላይ እንደደረሰም የወንድሙን መሬት ማረስ ጀመረ።

አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ ገበሬ ከርብ ዳር ለሩዝ ማሳው የውኃ መፋሰሻ ሲቆፍር የሰው አጥንት አገኘ። ከአጥንቱ ጋር አንድ ቀንድ ነበር። ፖሊስ ሁሉንም መዘገበ፤ ስለ ቀንዱ «የከብት ቀንድ፣ ብዛት አንድ፣ ለጉዳዩ አግባብነት የሌለው» አለ። ከብት በሞላበት ፎገራ ላይ ቀንድ ማስረጃ ነው ብሎ ማን ይከራከራል?

ወይዘሮ አማከለች ፖሊስ ጣቢያ ሄዱና ቀንዱን ገልብጠው አሸተቱ። ከዚያ በቀጥታ ወደኔ፣ ወደ ማመልከቻ ጸሐፊው ወደ በላቸው መጡ።

«ጻፍ፣ በላቸው። ባሌ መጥቷል።»

ጻፍኩ። አጥንቱ ተሰጥቷቸው ፍትሐት እንዲደረግበት፣ ልጃቸውም የአባቷን ይዞታ እንድታገኝ ጠየቁ። ደሳለው መልስ ሰጠ፦ አጥንቱ የወንድሜ ይሆናል፤ ልጅቱ ግን የወንድሜ አይደለችም። ይህንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጠዋት የእሳቸውን፣ ከሰዓት የእሱን። በሙያችን ነውር አይደለም፤ ወረታ ላይ የሚነበብ የእጅ ጽሕፈት ያለው ሰው ጥቂት ነው።

ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም አነበበና በዲኤንኤ ይመርመር አለ። እንግዲህ የሚመጣው መልስ አንዲት እናት አሥራ ሰባት ዓመት የታሙበትን ነገር ወይ ያነሳላቸዋል፣ ወይ በማኅተም ያጸናባቸዋል። አንዲት ልጅም ወይ አባት ታገኛለች፣ ወይ የምትጠራበትን ስም ታጣለች።

ፍልሰታ ከገባ በአምስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ መኪና መጣ። ባለሙያዋ ፀገነት ትባላለች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጭቃ ስትረግጥ ይቅርታ የምትጠይቅ ዓይነት ልጅ። ከአጥንቱ ጥርስና ቁራጭ ቀደም ብሎ ተወስዷል፤ እሷ የመጣችው ለሕያዋኑ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ክፍል አዋሳት፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ምክትል ሳጅን ይሁኔ በፖሊስ ወገን ታዛቢ ሆነ፤ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ።

ፀገነት ጓንት አጠለቀች፣ አፏን ሸፈነች፣ ወረቀቱን አወጣች። እንደ ብራና ወፈር ያለ፣ ነጭ፣ አራት ክብ የተሳለበት። ጠርዙን እንጂ ክቡን አትነካም።

ደሳለው ቀደመ። «ወንድሙ እኔ ነኝ፤ ከእኔ ይጀመር» ብሎ እጁን ዘረጋ፤ ጎደሎውን እጅ።

«የፈለጉትን እጅ ይስጡኝ» አለች። «ጣት ግን ያስፈልገኛል።»

ወጋችው። ደሙ ጠብ ሲል ወረቀቱ ጠጣው። አልፈሰሰም፣ አልተዝረከረከም፤ እስከ ክቡ ጠርዝ ሄደና ቆመ። ወሰኑን የሚያውቅ ፈሳሽ ፎገራ ላይ አይቼ አላውቅም። ሳይታወቀኝ፣ እርጥብ ፊርማ ባየሁ ቁጥር እንደማደርገው፣ ጎንበስ ብዬ እፍ አልኩበት።

«ኧረ ምን አደረጉ!» ፀገነት ጮኸች።

«እንዲደርቅ ነዋ።»

«ይሄ ቀለም አይደለም! አሁን እርስዎም ገቡበት።»

«እኔ? የት?»

«ወረቀቱ ላይ። ትንፋሽዎ ውስጥ እርስዎ አሉ።»

ደሳለው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ምን? ይሄ ማመልከቻ ጸሐፊ በእፍታ ወንድሜ ሊሆን ነው? እሱም መሬት ሊካፈለኝ ነው?»

«ቁጭ በል፤ ገና አልተወለደም» አለው ይሁኔ።

ወረቀቱ ተሰረዘ፤ ሌላ ወጣ፤ ደሳለው ሌላ ጣት ተወጋ። «ጣቴ ቀድሞም የተረፈ አልነበረም» እያለ ወደኔ አየ። እኔ ግን ሌላ ቦታ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት በወረዳው ማመልከቻ ሁሉ ላይ እፍ ብያለሁ። በፍቺው፣ በውርሱ፣ በወሰን ክርክሩ ሁሉ እኔ አለሁ ማለት ነው። ለደቂቃ ያህል ራሴን እንደ ትልቅ ሰው፣ ቀጥሎም እንደ ሌባ አየሁት።

ወይዘሮ አማከለች እጅጌያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

«የእኔን ውሰጂና በቃ ልጄ። እሷን አታድክሚያት። እኔና መሪጌታ በቁርባን የተጋባን ነን፤ አንድ ሥጋ ነን። የእኔ ደም የእሱ ነው።»

ይሁኔ ባርኔጣውን አወለቀ። ፀገነት አልሳቀችም።

«አንድ ሥጋ መሆናችሁን እኔ አምናለሁ እማማ። ወረቀቱ ግን አያምንም። የእርስዎ ደም የሚያወራው የእርስዎን እናትና አባት ነው።»

«እንግዲያ አላስፈልግም?»

«ያስፈልጋሉ እንጂ። ልጅ ግማሿ ከእናት፣ ግማሿ ከአባት ነው። ከልጅዎ ላይ የእርስዎን ግማሽ እናነሳለን። የሚተርፈው የአባቷ ነው። ከአጥንቱ ጋር የምናስተያየው የተረፈውን ነው።»

ወይዘሮ አማከለች እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

«እኔም እኮ ሳሳድጋት እንደዚያው ነው ያየኋት» አሉ። «የእኔን ሳነሳ የሚተርፈው ሁሉ እሱ ነው። እንኪ፣ እንካችሁ ጣቴን።»

ደሳለው መስኮቱን አየ።

ማርያማዊት ቅዳሴ ላይ ስለነበረች ጠበቅናት። በፍልሰታ ቅዳሴ ዘግይቶ ነው የሚወጣ፤ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል መጣች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተሸፍናለች፤ እርምጃዋ እንቁላል የያዘ ሰው እርምጃ ነው። ፀገነት ወንበር አሳየቻት። ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች።

እናትየው ቀድመው ገባቸው፤ ግድግዳውን ያዙ። «ቆረብሽ?»

ልጅቱ ራሷን ዝቅ አደረገች።

ለቆረበ ሰው ያን ቀን ምራቅ መትፋት እንኳ የለም፤ እሾህ እንዳይወጋው እያየ ነው የሚራመድ። ደም ማውጣትማ አይታሰብም።

«በመርፌ ካልሆነ በጥጥ ከጉንጯ ውስጥ መውሰድ እችላለሁ» አለች ፀገነት።

«እሱስ ይብሳል» አለ ይሁኔ።

ደሳለው ሳቀ። ረጅም ሳቅ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት ያጠራቀመው ይመስላል። «አይ ብልሃት! ሌላ ቀን ጠፍቶ ዛሬ! ሰው ከዕዳ ገዳም ሲሸሽ አይቻለሁ፤ ከመርፌ ቁርባን ውስጥ ሲደበቅ ግን ዛሬ ገና አየሁ። በላቸው፣ ምን ትጠብቃለህ? ጻፈው እንጂ!»

ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ ልማድ ነው። መልሼ አስቀመጥኩት።

ሾፌሩ ብቅ አለ። «ጉማራ እየሞላ ነው አሉ። አሁን ካልወጣን ባሕር ዳር አንገባም።»

ፀገነት ጓንቷን አውልቃ ልጅቱ ፊት ቁጢጥ አለች። «ፈርተሽ ነው?»

ማርያማዊት ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች በቀስታ ተናገረች። «የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ነገ አባቴ ፊት እቀርባለሁ፣ እንዴት ሆኜ ልቅረብ አልኳቸው። ንጹሕ ሆነሽ ቅረቢ፣ ቁረቢ አሉኝ። መርፌ እንዳለው እሳቸው አላወቁ። እኔም ከቆረብኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።»

ልጅቱ ከመጠን በላይ ከመዘጋጀቷ የተነሳ ለተዘጋጀችበት ነገር መሆን አልቻለችም። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራው ከልቡ የመጣ ሰው ብቻ እንደሆነ ለመረዳት ሕግ መማር አያስፈልግም። ደሳለው እንኳ ሳቁን የሚያስቀምጥበት አጣ።

ፀገነት ተነሳች። «መኪናውን አጥፋው» አለችው ሾፌሩን። «ነገ ጠዋት ነው።»

«አለቃሽ...»

«አለቃዬም ይቆርባል።»

ጻፍኩ፦ ሦስተኛው ናሙና በባለጉዳይዋ መቁረብ ምክንያት ለነገ ጠዋት ተላልፏል። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በመዝገብ ላይ የጻፍኩ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም።

ሌላ ጣጣ መጣ። የሁለቱ ወረቀት ከተወሰደ አምስት ሰዓት አልፎታል፤ አልደረቀም። ክፍሉ ከነሐሴ ጋር አብሮ ያላበው ነበር፤ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ሻጋታ እንደ ካርታ ተዘርግቷል። ይሁኔ ኪሱ ውስጥ ካለው ፌስታል አንዱን አወጣ፤ ፎገራ ላይ ክረምት ሲገባ ሰው መታወቂያውንም ስልኩንም በፌስታል ነው የሚያስር።

«በላስቲክ አይሆንም» አለች ፀገነት። «ይታፈናል፣ ይሻግታል። ፀሐይም እሳትም አይንካው፤ ንጹሕ ነፋስ ብቻ ነው የሚፈልገው። እርጥብ ሆኖ ከታሸገ ምንም አይነግረንም።»

«የሚደርቅ ነገር ከሆነ እኔ ቤት ነው» አሉ ወይዘሮ አማከለች።

ደሳለው ዘለለ። «ማስረጃውን የከሳሽ ቤት? ይሁኔ፣ ለዚች ሴትዮ ንገርልኝ...»

«አብረህ እደር» አለው ይሁኔ። «እኔም አድራለሁ። ሦስታችን ካፈጠጥንበት የት ይሄዳል?»

የወይዘሮ አማከለች ቤት ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ነው። ከቁሐር ወጥተው ወረታ ሲገቡ ጣራውንም ግድግዳውንም ትተው ያስጫኑት የመካከሉን ምሰሶ ብቻ ነበር። ምሰሶው ላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ የወይራ ኩላብ ተመትቶበታል። የመሪጌታው መጻሕፍት ከነማኅደራቸው የሚሰቀሉበት ነው።

«ፎገራ ላይ መጽሐፍ መሬት አይነካም፣ ግድግዳም አይደገፍም» አሉ። «ውኃው ከታችም ከጎንም ይመጣል። መሪጌታ መሃል ላይ ነው የሚሰቅል፤ ነፋሱ እንዲያገኘው፣ ጭሱ እንዳያገኘው። ከእሱ በኋላም አንድ ቅጠል ብራና አልሻገተብኝም።»

ፀገነት እጇን ዘርግታ አየሩን ዳበሰች፣ ጣራውን አየች፣ በሩንና ምድጃውን አየች። «አዲስ አበባ ቢሆን ይሄን ለማሠራት ጨረታ ይወጣ ነበር» አለች። የወረቀቶቹን ጠርዝ በስታ በክር አሰረችና፣ እንዳይነካኩ አራርቃ፣ ኩላቡ ላይ ሰቀለቻቸው።

ደሳለው ደፍ ላይ ቆሞ ነበር። ምሰሶውን አየ። «ይሄ... የቁሐሩ አይደለም?»

«እሱ ራሱ ነው» አሉ ወይዘሮ አማከለች። «ስትተክሉት አንተ ከታች ይዘህ ነበር። ግባ፣ ዝናብ ነው።»

አሥራ ሰባት ዓመት ያልገባበት ቤት ገባ።

በማግስቱ ማለዳ ስደርስ ይሁኔ ወንበር ላይ ተኝቷል፤ ደሳለው ግን ዓይኑን ኩላቡ ላይ እንደተከለ ነው። ወረቀቶቹ ደርቀዋል። ቀይ የነበረው ደም የአሮጌ ቀለም መልክ ይዟል።

«በላቸው» አለኝ በሹክሹክታ፣ «የትኛው የማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ቁጥር አለው።»

«ቁጥሩን ተወው። ሌሊቱን ሙሉ አየሁት። የእኔና የእሷ አንድ ዓይነት ሆነ እኮ።»

ማርያማዊት ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን ከአፏ አውርዳ መጣችና እጇን ሰጠች። መርፌው ሲነካት አልተንቀሳቀሰችም። አንድ ጠብታ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እያንዳንዷ ክቡን ሞልታ ቆመች። ፀገነት ሦስተኛውን ወረቀት ከሁለቱ መካከል ሰቀለችው። ቀይነቱ ገና ትኩስ ነበር።

ወይዘሮ አማከለች ቀና ብለው አዩት። «መሪጌታ ቀይ ቀለም አያባክንም ነበር» አሉ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። «ለአምላክ ስም፣ ለእመቤታችን፣ ለቅዱሳን ስም ብቻ ነው የሚያወጣው። አሁን ልጁን በቀይ ጻፋት።»

ደሳለው ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ። ዝናቡ ላይ ቆመ።

እስኪደርቅ ድረስ ፀገነትን ጠየቅኋት። «ይህ ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«በደንብ ደርቆ ከተቀመጠ ሃያ ዓመት፣ ከዚያም በላይ። በረዶ አይፈልግ፣ መብራት አይፈልግ። መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።»

«ለምርመራው ሁሉም ያስፈልጋል?»

«የጤፍ... አይ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ብትሆን ይበቃል። ከክቡ ላይ በስተን እሷን ነው የምንጠይቀው።»

እኔ አንድ ሰው የማን ልጅ መሆኑን ለመጻፍ አራት ገጽ፣ ሦስት ምስክርና ሁለት ቴምብር እፈልጋለሁ። ያም ሆኖ ተቃዋሚ ይቀርብበታል። እዚህ ግን ሰው ከነእናቱ፣ ከነአባቱ፣ ከማያውቃቸው አያቶቹ ጋር የሩዝ ፍሬ በምታህል ወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ሃያ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የጠየቁት ቀን ይመልሳል፤ ያልጠየቁትን አይናገርም። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ያለ ጨዋ ምስክር አላጋጠመኝም።

ወረቀቶቹ በየፖስታቸው ገቡ፤ የወረቀት ፖስታ ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ ፀገነት እንደ አሸዋ የሚንሿሿ ፍሬ ያለበት ትንሽ ከረጢት ጨመረች።

«ሩዝ ነው?» አሉ ወይዘሮ አማከለች።

«አይደለም፤ እርጥበት የሚጠጣ ነው።»

«ሩዝ አለመሆኑ ያስታውቃል። የኛ ሩዝ ጠጥቶ አይጠግብም።»

ሁላችንም በታሸገው ፖስታ ላይ ፈረምን። ፀገነት ስታስፈርመኝ እጇን አፌ ፊት ጋረደች።

መልሱ በመጋቢት መጣ። ዳኛው ቆመን እንድንሰማ አዘዙ። አጥንቱና ደሳለው ቢሻው የአንድ አባትና እናት ልጆች ሆነው ተገኝተዋል። ስለ ማርያማዊት ደግሞ ዳኛው ዘጠኞቹን አንድ በአንድ አነበቧቸው፦ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ ዘጠኝ ዘጠኝ በመቶ፣ አጥንቱ የተገኘው ሰው ልጅ ናት። ሰውየው ሁመራ አልሄዱም። መጽሐፋቸውን ገልብጠው፣ ቀንዳቸውን አንግተው፣ ወደ ቤታቸው እየመጡ ነበር።

ልጅቱ አላለቀሰችም። «ማርያማዊት ገብረ ኪዳን» አለች ቀስ ብላ፣ ስሟን ዳኛ እንደጠራት ያህል።

ደጅ ስንወጣ ወይዘሮ አማከለች ክንዴን ያዙኝ።

«ያ ቁጥር መቶ ነው?»

«መቶ አይሞላም። መቶ አይሉም አሉ፤ ሁልጊዜ ትንሽ ይተዋሉ።»

«ስንት ትቀራለች?»

«በጣም ትንሽ። የማትቆጠር።»

«እሷን ለእኔ ነው የተዉልኝ» አሉ። «እኔ ስለነበርኩ አውቃታለሁ።»

በማግስቱ በጠዋት ሦስቱም አብረው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ደሳለው ከኋላ ነበር፤ የቀድሞው ጩኸቱ አብሮት አልመጣም። አጥንቱ ለቀብር እንዲሰጣቸው ማመልከቻ ጻፍኩ። ለሁለቱ ወገን በአንድ ወረቀት ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ «ከሳሽ» ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩትና እንደገና ጀመርኩ።

«ቀንዱም ይጻፍ» አለ ደሳለው።

«አግባብነት የለውም ተብሏል።»

«አንተ ጻፈው። ዋርሳዬ፣ ይጻፍ አይደል?»

ወይዘሮ አማከለች የወንድም ሚስት በምትጠራበት ስም ዋርሳዬ ሲባሉ ቀና ብለው አዩት። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ይጻፍ» አሉ።

ልጅቱና እናቷ ፈረሙ። ደሳለው መጻፍ ስለማይችል አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ወረቀቱ ላይ አሳረፈ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየበት። ሲያነሳው የጣቱ መስመር ሁሉ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል፣ እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ። እኔም እንደ ልማዴ ጎንበስ አልኩ።

ማርያማዊት እጇን ወረቀቱ ላይ ጋረደች።

«አይንፉበት አያ በላቸው» አለች። «ራሱ ይደርቃል።»

አራታችንም እስኪደርቅ ተቀምጠን ጠበቅነው።